ቀን ዝጉ፣ ማታ ክፈቱ፦ በሞቃትና ደረቅ አገር ቤት እንዴት ይሠራል?

ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ያደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ውጭ ነፋስ አለ፣ ግቢው ቀዝቀዝ ብሏል፣ ጎረቤት በር ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። ወደ ቤት ሲገቡ ግን ሙቀቱ ፊት ይመታል። ግድግዳውን በእጅ ቢነኩት ትኩስ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ሁለት ሰዓት አልፏታል፣ ቤቱ ግን ገና አልሰማም። ሰዉ ፍራሹን አንስቶ ወደ ግቢ ይወጣል።

ሙቀቱ በመጣ ቁጥር የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ኤሲ ስንት ገባ? ከዚያ በፊት ግን መምጣት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ቤቱ ራሱ ማታ ላይ ከውጭው በላይ ለምን ይሞቃል?

እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ አያቴ ቤት ነው። የባቡር ዘመን ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ። ልጆች ሆነን መስኮቱ ላይ እግራችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ነበር፤ ግድግዳው ያን ያህል ወፍራም ነው። በኋላ ሥራ ስይዝ የተከራየሁት ክፍል ደግሞ በባለ 15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት የተገነባ፣ ላዩ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሌለው ነበር። ከአንዱ እስከ ሌላው በእግር 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሙቀታቸው ግን የሁለት አገር ነበር። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ዓመታት ፈጀብኝ፣ ነገሩ ግን ውስብስብ አይደለም።

"ሞቃትና ደረቅ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ሙቀት ሁሉ አንድ አይደለም። ጋምቤላም ይሞቃል፣ ድሬዳዋም ይሞቃል። ጋምቤላ ግን አየሩ እርጥበት አለው፣ ላብ ሰውነት ላይ ይቀራል። ድሬዳዋ፣ ጎዴ፣ የአፋር ቆላ ደረቅ ናቸው። ላብ ወዲያው ይተናል፣ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሳይቆይ ይደርቃል።

ለቤት አሠራር ዋናው ነገር ያለው ሌሊቱ ላይ ነው። አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሲሆን፣ መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ማታ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ደመናና እርጥበት እንደ ጋቢ ናቸው። ከሌሉ መሬት ጋቢዋን ሳትለብስ ታድራለች። ስለዚህ በደረቅ አገር በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ሰፊ ነው። ቀን 35 ዲግሪ የነበረ ከተማ ንጋት ላይ 22 ወይም 23 ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር በነፃ ይመጣል፣ ግን የሚመጣው ሌሊት ነው። ጥሩ ቤት የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ያቆያል። መጥፎ ቤት የቀኑን ሙቀት ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት ያቆያል። የኔ የኪራይ ክፍል የሁለተኛው ዓይነት ነበረች።

ሙቀቱ በየት በኩል ነው የሚገባው?

ከሁሉ በፊት በጣሪያ። በጠራራ ፀሐይ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ አስሉት። 6 በ8 የሆነ ጣሪያ 48 ካሬ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ 13 ምጣድ በአንድ ጊዜ ተሰክቶ ጣሪያችሁ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ሁሉም ወደ ውስጥ አይገባም። ከፊሉ ይንጸባረቃል፣ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። ግን ሩቡ እንኳ ቢገባ ሦስት ምጣድ ሳሎን ውስጥ ተጥዷል።

ሁለተኛው መስታወት ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ የገባ ሰው ይህን አይረሳውም። የፀሐይ ብርሃን በመስታወት ያልፋል፣ ውስጥ ያለውን ወንበር ያሞቃል፣ ወንበሩ የሚለቀው ሙቀት ግን በመስታወቱ ተመልሶ አይወጣም። መጋረጃ ከውስጥ መስቀል ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው። ፀሐይዋ መስታወቱን ካለፈች በኋላ ቤት ገብታለች፣ መጋረጃው ራሱ ሞቆ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይመልሳል። መታገድ ያለባት ከውጭ ነው። የድሮዎቹ የከዚራ ቤቶች የእንጨት መዝጊያ በውጭ በኩል የተደረገው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። አራተኛው ደግሞ ሞቃቱ አየር ራሱ ነው፣ እኛው መስኮት ከፍተን የምናስገባው።

ቆርቆሮ ለምን እንዲህ ያቃጥላል?

ቆርቆሮን የምንወደው በምክንያት ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዝናብ አያሳልፍም፣ በአንድ ቀን ይመታል። ችግሩ ቀጭን መሆኑ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ወዲያው ይግላል፣ ከሰዓት በፊት ገጹ 60 ዲግሪን ማለፍ ይችላል፣ ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለ ደግሞ ያ ሙቀት እንደ ፍም ቀጥታ ወደ ራስ ይወርዳል። የክፍሉ አየር ያን ያህል ባይሞቅም እንኳ አናታችሁ ላይ የሚሰማችሁ እሱ ነው።

አዲስ ቆርቆሮ ስለሚያብረቀርቅ ፀሐይን ይመልሳል ብለን እናስባለን። ከፊሉን ይመልሳል፣ እውነት ነው። ግን የሚያብረቀርቅ ብረት አንድ ድክመት አለው። የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ መልሶ መልቀቅ አይሆንለትም። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይሠራል። ብርሃኑን ይመልሳል፣ የተረፈውን ሙቀትም ቶሎ ይለቃል። የዛገ ቆርቆሮ ደግሞ የባሰ ነው፣ ብርሃኑን ይጠጣዋል። ስለዚህ ጣሪያን ነጭ ቀለም ወይም ኖራ መቀባት ከምታወጡት ብር አንጻር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በየጊዜው አቧራ ስለሚይዘው ማጠብና መድገም ግን አይቀርም።

ቆርቆሮን ሳይጥል ሙቀቱን ያሸነፈ ሰው ልንገራችሁ። ፍራንሲስ ኬሬ ይባላል፣ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ የምትባል መንደር ልጅ ነው። ልጅ ሳለ የተማረበት ክፍል ጨለማና የሚያፍን ነበር። በርሊን ሄዶ ሕንፃ ሲማር፣ ገና ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ትምህርት ቤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. አለቀ። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የአፈር ጡብ ነው። ኮርኒሱም ከዚያው ጡብ ነው። ቆርቆሮው ግን ኮርኒሱ ላይ አልተመታም። በቀጫጭን ብረት ተደግፎ ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ከግድግዳው አልፎም በየጎኑ ወጥቷል። በሁለቱ መሃል ነፋስ ያልፋል። ቆርቆሮው ሲግል የሞቀው አየር በክፍተቱ ይሄዳል እንጂ ወደ ተማሪዎቹ አይወርድም።

በቀላሉ ለመረዳት ጃንጥላን አስቡ። ጃንጥላ ራሱ ፀሐይ ላይ ይሞቃል፣ ግን በእሱና በራሳችሁ መሃል አየር አለ፣ ስለዚህ አይሰማችሁም። ያንኑ ጨርቅ ራሳችሁ ላይ ብትጠመጥሙት ሌላ ነገር ነው። የኛ ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ እንደ ጥምጣም ነው የተሠራው። ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. የፕሪትዝከርን የሕንፃ ጥበብ ሽልማት ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ወደዚያ የመራው መንገድ የተጀመረው በአንድ መንደር ትምህርት ቤት፣ በአፈርና በቆርቆሮ ነው።

ወፍራም ግድግዳስ ምን ያደርጋል?

የሸክላ ምጣድ እና የብረት መጥበሻ አስቡ። መጥበሻው ወዲያው ይግላል፣ እሳቱ ሲጠፋም ወዲያው ይበርዳል። የሸክላው ምጣድ እስኪሞቅ ያስጠብቃል፣ አንዴ ከሞቀ ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላም ብዙ ይቆያል። ቆርቆሮ መጥበሻ ነው። ድንጋይ፣ ጭቃና ጡብ የሸክላ ምጣድ ናቸው።

ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአፈር ወይም የድንጋይ ግድግዳ ላይ ከሰዓት ፀሐይ ብታርፍ፣ ሙቀቱ ውስጠኛው ገጽ ላይ እስኪደርስ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ሊወስድበት ይችላል። ሲደርስም ተዳክሞ ነው። በዚያ ሰዓት ውጭው በርዷል። መስኮት ከፍታችሁ ታስወጡታላችሁ። ሌሊቱን ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት እንደ አዲስ ይጀምራል። የአያቴ ቤት ምስጢር ይኸው ነበር።

የ15 ብሎኬት ግድግዳ መሃል ላይ የተቀመጠ ነው፣ መሃል መሆኑም ነው የጎዳው። እንደ ቆርቆሮ ወዲያው አያስገባም፣ እንደ ወፍራም ድንጋይ እስከ ሌሊት አያቆይም። ከሰዓት ፀሐይ ይጠጣል፣ ልክ ሰው እራት በልቶ ሊተኛ ሲል ይለቀዋል። ሰዓቱን የመረጠው ሆን ብሎ ይመስላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ወፍራም ግድግዳ ሙቀትን ያዘገያል፣ ይጠጣል፣ ይመልሳል። ፎም ወይም ሌላ በአየር የተሞላ ቀላል ነገር ደግሞ ሙቀትን ያግዳል፤ ሥራው እንደ ጋቢ ወይም እንደ ፔርሙስ ነው። ጋቢ ራሱ ሙቀት አያመነጭም፣ ያለውን እንዳይሄድ ይከለክላል እንጂ። ፔርሙስም በረዶውን በረዶ፣ ሻዩን ትኩስ አድርጎ ያቆያል። ለጣሪያ የሚያስፈልገው ከሁሉም በላይ ማገጃው ነው። ለግድግዳ ደግሞ፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ አገር ከሆነ፣ ውፍረቱ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የገባ ሰው ይህን በእግሩ አይቶታል። ሐረር እንደ ድሬዳዋ አትሞቅም፣ ከፍ ያለች ናት። ግን ትምህርቱ ያው ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ በኖራ የነጣ። ወደ መንገድ የሚያየው መስኮት ጥቂት ነው፣ ቤቱ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ግቢው ነው። መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ ይሆናል።

ሲሞቅ መስኮት መክፈት አይደል እንዴ?

በጣም የሚሳሳቱበት ቦታ ይኸ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። ቤቱ ሲያፍናችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መስኮት ትከፍታላችሁ። ውጭ 36 ዲግሪ ነው፣ ቤት ውስጥ 30 ነበር። ያስገባችሁት ሙቀት ነው። ነፋሱ ቆዳ ላይ ሲያልፍ ለጊዜው ደስ ይላል፣ ግድግዳውና ዕቃው ግን በዚያ ሰዓት እየሞቁ ነው፣ ማታ ይመልሱታል።

አያቴ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምራ እየዞረች ትዘጋ ነበር። መጀመሪያ የምሥራቁን፣ ከዚያ ሌላውን። ቤቱ ጨለም ይላል። እኛ ልጆቹ እናጉረመርም ነበር፣ "ለምን ታጨልሚዋለሽ?" እያልን። ማታ ደግሞ ሁሉንም ትከፍታለች። በዚያ ዕድሜ ልማድ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው ቤቱን እንደ ፔርሙስ ነበር የምትይዘው።

ማታ መክፈት ብቻውን ግን አይበቃም፣ አየሩ መንገድ ይፈልጋል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከኮርኒስ ሥር፣ ከፍ ብሎ፣ መውጫ ቀዳዳ ካላገኘ እዚያው ተቀምጦ ያድራል። አንድ ዝቅ ያለ መግቢያ በነፋሱ በኩል፣ አንድ ከፍ ያለ መውጫ በተቃራኒው በኩል ካለ፣ አየሩ በራሱ ይሄዳል። አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ግን አፍ እንጂ አፍንጫ የለውም፤ የገባው አየር መውጫ ያጣል።

ሰው ማታ መስኮት የማይከፍተው በሁለት ምክንያት ነው፣ በሌባና በትንኝ። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። ድሬዳዋ ወባም ዴንጊም ታውቃለች። ስለዚህ የብረት ፍርግርግና የሽቦ ወንፊት በቤቱ ወጪ ውስጥ ከመጀመሪያው መቆጠር አለባቸው። ያለ እነሱ ይህ ሁሉ ምክር ወረቀት ላይ ይቀራል።

ቤቱ ፊቱን ወዴት ያዙር?

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የጠዋት ፀሐይ ትፈለጋለች፣ ሰው ሰፊ መስታወት አድርጎ ያስገባታል፣ ትክክልም ነው። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ የአፋሯ ሰመራ ደግሞ ከዚያም በጣም ዝቅ ትላለች። ፕላኑ ግን አንድ ነው። የማውቀው ሰው ድሬዳዋ ላይ ያሠራው ቤት ከአዲስ አበባ በመጣ ፕላን ነው፤ ሳሎኑ ሙሉ በሙሉ መስታወት ሆኖ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አስፋልቱ ያያል። ቆንጆ ቤት ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ሳሎኑ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ነገሩ የፀሐይ መንገድ ነው። በኛ አገር አቀማመጥ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ አናት ቅርብ ናት። ድሬዳዋ ላይ ሚያዝያ መጀመሪያ እና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ልክ አናት ላይ ታልፋለች። ግንቦት፣ ሰኔና ሐምሌ ትንሽ ወደ ሰሜን ትላለች፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ወደ ደቡብ። ሰሜንና ደቡብ የሚያዩ ግድግዳዎችን ብዙ አታገኛቸውም፣ ስታገኛቸውም ከላይ ስለሆነች ወጣ ያለ ጣሪያ ይከላከላቸዋል። 1 ሜትር ወጣ ያለ ጣሪያ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ከሥሩ ያለውን የደቡብ ግድግዳ 1 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ያደርገዋል።

ጠዋትና ከሰዓት ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ ምሥራቅና ምዕራቡን ፊት ለፊት ትመታለች። ያን ጊዜ ወጣ ያለ ጣሪያ አያስጥልም። ምዕራቡ የሚብሰው ቀኑ አስቀድሞ በሞቀበት ሰዓት ስለሚመታ ነው።

ስለዚህ ቤቱ ረዘም ያለ ከሆነ ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ አጭሩን ወደ ምሥራቅና ምዕራብ አድርጉ። በምዕራብ በኩል መኝታ ቤት አታስቀምጡ፤ ዕቃ ቤት፣ ሻወር፣ ደረጃ ይሁን። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት መወሰኑ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ከተቆፈረ በኋላ ግን ማንም አያስተካክለውም። መሬቱ ጠባብ ሆኖ ወደ ምዕራብ ከማየት ሌላ ምርጫ ከሌለ፣ እዚያ በኩል በረንዳ፣ ዛፍ ወይም ዳስ ይደረጋል። ድሬዳዋ የኒም ዛፍ የሞላው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቦታ ሲመረጥ አንድ ነገር ልጨምር። ደረቅ አገር ጎርፍ የለውም የሚል ሰው ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ አያውቅም። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የደረቀ የወንዝ ዳር መሬት ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ሰመራ ላይም ይሠራል?

ሙሉ በሙሉ አይሠራም። የአፋር ቆላ ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ሌሊቱም አይቀዘቅዝም። ዳሎል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለካው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር፤ አማካይ ነው፣ ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት ተደምሮ። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ወፍራሙ ግድግዳ የያዘውን ሙቀት የሚጥልበት ቦታ የለውም። የሸክላ ምጣዱ ሳይበርድ እንደገና ይጣዳል።

አፋሮች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። ዳቦይታ የሚባለው ቤታቸው በጎበጠ እንጨት ላይ የተዘረጋ ሰሌን ነው፣ የሚሠሩትም ሴቶቹ ናቸው። ውፍረት የለውም፣ ጥላ ግን ይሰጣል፣ አየር ያሳልፋል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይበርዳል። ግመል ላይ ተጭኖም ይሄዳል። እንደ ሰመራ ባለ ከተማ ቋሚ ቤት ለሚሠራ ሰው ትምህርቱ ይህ ነው፦ ከውፍረት ይልቅ ጥላ፣ ድርብ ጣሪያ፣ ጥሩ ማገጃ ያለው ኮርኒስ፣ በሁለት በኩል ነፋስ፣ እና ማታ የሚተኛበት ክፍል ወይም ሰገነት ከቀላል ነገር የተሠራ።

ውኃ ቤት ያቀዘቅዛል?

ደረቅ አገር ከሆነ፣ አዎ። የእንስራ ውኃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው ትንሽ ትንሽ ያዣል፣ ያዣው ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ላባችንም የሚሠራው እንዲሁ ነው። አመሻሽ ላይ ግቢውን ውኃ የሚረጭ ሰው ያንኑ ነው የሚያደርገው። የኢራኗ ያዝድ ከተማ ሰዎች ይህን ከነፋስ ጋር አዋሕደውታል። ጣሪያ ላይ ረጅም የጭቃ ማማ ይሠራሉ፣ ማማው ከላይ ያለውን ነፋስ ይዞ ወደ ታች ያወርዳል፣ በብዙ ቤትም ውኃ ላይ ያሳልፈዋል። ዱባይ የሠራችሁ እህቶችና ወንድሞች ይህን አይታችሁታል። በአል ፋሂዲ ሰፈር አሮጌ ቤቶች ላይ ያሉት አራት ማዕዘን ማማዎች፣ ባርጂል የሚባሉት፣ ከደቡብ ኢራን የመጡ ነጋዴዎች ያመጡት አሠራር ናቸው።

ግን ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ይህን መምከር ይከብደኛል። ያላችሁን ውኃ ለዛፍ ስጡት፣ ዛፉ ጥላም ይሰጣል፣ ውኃውንም በቅጠሉ ያተንላችኋል።

ጭቃ ቤት ይፈርሳል አይደል?

ውኃ ከገባበት፣ አዎ ይፈርሳል። የጭቃ ቤት ጠላት ዝናብ ከላይ፣ እርጥበትና ምስጥ ከታች ናቸው። የድንጋይ መሠረት ከመሬት ከፍ ብሎ ከወጣ፣ ጣሪያው ደግሞ ወጣ ብሎ ግድግዳውን ከሸፈነ፣ ለብዙ ትውልድ ይቆማል። የመን ውስጥ የሺባም ከተማ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች የጭቃ ጡብ ናቸው፣ ሰው አሁንም ይኖርባቸዋል። ዛሬ ደግሞ አፈሩን ከ5 እስከ 8 በመቶ ገደማ ሲሚንቶ ቀላቅሎ በማሽን ተጭኖ የሚወጣ ጡብ አለ፣ እሱ ውኃን በጣም ይቋቋማል።

ይህ ከኪሳችን አልፎ ለአየር ንብረቱም ይበጃል። ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን ዓለም ከሚለቀው የካርቦን ጋዝ ከ7 እስከ 8 በመቶ ገደማ ድርሻ አለው። ሙቀቱን የሚያባብሰውን ነገር ተጠቅመን ከሙቀት የማይከላከል ቤት መሥራት ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። ድሬዳዋም አፋርም ስምጥ ሸለቆው አጠገብ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ስትንቀጠቀጥ ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ወፍራም ድንጋይና ከባድ የአፈር ጣሪያ ያለ ማሰሪያ ከተሠራ በመሬት መንቀጥቀጥ ይገድላል። ስለዚህ ከግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን የሚያስር ቢም፣ ማዕዘኖቹ ላይ ብረት፣ ጣሪያው ቀላል። ይህን ከሚያውቅ መሐንዲስ ጋር መነጋገር ግዴታ ነው።

ቤቴ ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ አሁን ምን ላድርግ?

ከጣሪያው ጀምሩ። ኮርኒስ ከሌለ አስገቡ፣ ከላዩ ማገጃ ይደረግበት። ጭድ የምትጠቀሙ ከሆነ የኤሌክትሪክ ገመድ አጠገብ ደረቁን አትተዉት፣ እሳት ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሃል በሁለቱ ጫፎች የወንፊት ቀዳዳ ክፈቱ፣ የታፈነው አየር ይውጣ። ከዚያ ቆርቆሮውን ነጭ ቀቡ። ቀጥሎ የምዕራቡን ግድግዳና መስኮት ከውጭ ጥላ አድርጉለት፣ ሰሌንም ይሁን፣ የሚጎተት ተክልም ይሁን። ምጣዱን ከዋናው ቤት አውጡት።

ፋን ብዙ አይፈጅም፣ ከ50 እስከ 75 ዋት ያህል ነው፤ ኤሲ ከ1,000 ዋት በላይ ይወስዳል። ፋን ግን አየሩን አያቀዘቅዝም፣ ቆዳችሁን ነው የሚያቀዘቅዘው። ባዶ ክፍል ውስጥ ክፍት ትታችሁት ብትሄዱ ምንም አይሠራም። አየሩ ከሰውነታችሁ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ትኩስ አየር እየነፋባችሁ ነውና፣ በተለይ ለሽማግሌና ለሕፃን፣ እርጥብ ጨርቅ ይጨመርበት።

ኤሲ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ሰመራ ላይ ታማሚ ለሚያስታምም ቤተሰብ ኤሲ አታስገቡ አልልም። ጣሪያው ሳይስተካከል የገባ ኤሲ ግን ቅድም ከቆጠርናቸው ምጣዶች ጋር ቀኑን ሙሉ ይታገላል፣ ቆጣሪውም ትግሉን ይቆጥራል። ከተስተካከለ በኋላ ትንሹ ኤሲ ይበቃል፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት።

መቼ መክፈት፣ መቼ መዝጋት እንዳለባችሁ ካላወቃችሁ ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ግዙ። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን በረንዳ ጥላ ላይ ስቀሉ። ማታ የውጭው ከውስጡ ዝቅ ሲል ክፈቱ፣ ጠዋት ሲበልጥ ዝጉ። አያቴ ቴርሞሜትር አልነበራትም። እጇን በመስኮት አውጥታ ትንሽ ትቆይና፣ ከዚያ "ክፈቱ" ትለን ነበር።